ያቺን ልጅ አቅርብልኝ

የመድኃኒት ቤታችን ስልክ የጮኸው ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ነው። በዚያ ሰዓት ሐዋሳ የሐይቁ ነፋስ እስኪነሳ ድረስ ታንቀላፋለች። ደንበኛ የለም፤ ባጃጆቹም ከየዛፉ ጥላ ሥር ቆመዋል። አነሳሁት።

«ሀሎ፣ ጤና ይስጥልኝ።»

«ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። እባክህ ያቺን ልጅ አቅርብልኝ።»

«የትኛዋን ልጅ አባባ?»

«ረጅሟን። የደም ግፊት መድኃኒቴን የምታውቀውን። አንተ አታውቀውም፣ እሷን ጥራልኝ።»

በመድኃኒት ቤታችን የምንሠራ ሴቶች ሁለት ነን፤ ሁለተኛዋ ትከሻዬ ላይ ትደርሳለች። የአባባን መድኃኒት ከነመጠኑ፣ ማታ ማታ መዋጥ እንደሚረሱም ጭምር የማውቀው እኔ ነኝ። «አንድ አፍታ ይጠብቁኝ» ብዬ እጀታውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። እስከ አምስት ቆጠርኩ። ከዚያ አንገቴን ሰገግ፣ አገጬን ቀና አድርጌ፣ ድምፄን እንደ ፈትል አቅጥኜ «አቤት አባባ» አልኩ።

«እሰይ! የት ሄደሽ ነው የእኔ ልጅ? ደግሞ ይህ ሰውዬ ማን ነው? አዲስ ነው?»

ባልደረባዬ ከመደርደሪያው ጀርባ አፏን በመዳፏ አፍና ትንፈራፈራለች። እኔም ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አብሬያት ሳቅኩ። በስልክ «ወንድሜ» መባል ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም፤ «ጋሼ» ተብዬም አውቃለሁ። ራሴን ሄጄ እንድጠራ ስታዘዝ ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

ነገሩ የከነከነኝ ማታ ወደ ቤት ስመለስ ነው። የአባባ ስህተት አይደለም የከነከነኝ። ያቺ ቀጭኗ ልጅ እንዴት እንዲህ ቶሎ መጣች? ለማስመሰል ምንም አልተቸገርኩም፤ አንገት ሰገግ፣ አገጭ ቀና፣ ትንፋሽ ከደረት በላይ። ሰውነቴ ይህን አቋም በቃሉ ያውቀዋል። የት ነው የተማርኩት እያልኩ ሳወጣና ሳወርድ ባጃጁ ቤቴ በር ላይ ቆመ፤ ሂሳብ እየከፈልኩ ሳለ መልሱ መጣልኝ። ላለፉት 18 ዓመታት በየእሑዱ የምዘምረው በዚያች ልጅ ድምፅ ነው።

ከፍ አድርጊ

ሰንበት ትምህርት ቤት የገባሁት በ15 ዓመቴ ነው። የወንዶች ድምፅ በጉርምስና አንድ ኦክታቭ ያህል (ርግብግቢቱ በግማሽ እስኪቀንስ) እንደሚወርድ ሁሉም ያውቃል፤ ይሾፍበታልም። የሴቶችም ይወርዳል። የወንዶቹን ያህል ስላልሆነ ማንም ልብ አይለውም። የእኔ ግን ልብ የሚባል ዓይነት ነበር። አባቴ ከዘፋኞች ሁሉ ካሳ ተሰማን የሚያስቀድም ሰው ነው፤ ክራሩንና ያንን ከጉድጓድ የሚወጣ የሚመስል ወፍራም ድምፁን። ቤት ውስጥ ሳንጎራጉር ከሰማኝ «የካሳ ልጅ» ይለኛል፤ ማሞገሱ ነው። እናቴ ደግሞ «ተው፣ ሴት ልጅ እንዲህ አትባልም» ትለዋለች። የሰማሁት እናቴን ነው።

በመዝሙር ክፍል ውስጥ የገጠመኝን ችግር ለመረዳት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ አሁን ሳየው ግን ቀላል ነው። እኛ ስንዘምር ሁላችንም የምንይዘው አንድ ዜማ ነው። ወንዶቹ ታች፣ ሴቶቹ ከእነሱ አንድ ኦክታቭ በላይ ሆነው ያንኑ ዜማ ይሄዱበታል። የሴቶቹ የድምፅ አውታር በሴኮንድ የሚርገበገበው የወንዶቹን እጥፍ ነው ማለት ነው። ጆሮ እጥፉን እንደ አንድ ድምፅ ስለሚቆጥረው ሁሉም ነገር የተስማማ ይመስላል። መነሻውን የሚሰጠው መሪው ነው። መሪው ለራሱ ጉሮሮ በሚመቸው ከጀመረ እሱን የመሰሉ ወንዶችና ቀጭን ድምፅ ያላቸው ሴቶች ይመቻቸዋል። እኔ ግን ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ውስጥ ደረጃው ላይ የቆምኩ ነበርኩ። ከወንዶቹ ጋር ልሁን ብል የዜማው ታች አይደረስልኝም፤ ከሴቶቹ ጋር ስሆን አናቱ ያንቀኛል። ደረጃ ላይ ደግሞ መኝታ ቤት የለም።

ችግሩን ያባባሰው ቋንቋችን ይመስለኛል። የመዝሙር ክፍል ኃላፊያችን ወደ እኔ እያየች «ከፍ አድርጊ» ትለኝ ነበር። «ከፍ አድርጊ» ምን ማለት ነው? ድምፅሽን አጉልተሽ አውጪው ነው ወይስ ወደ ላይ ውጪ? በአማርኛ ሁለቱንም በዚህችው ቃል እንላቸዋለን። የራዲዮ ድምፅም ከፍ ይላል፣ ዜማም ከፍ ይላል። እሷ ምናልባት አልተሰማሽም ማለቷ ነበር። እኔ የተረዳሁት ግን ውጪ ማለቷ እንደሆነ ነው፤ ስወጣ ደግሞ ለመድረስ እጮሃለሁ፤ ስጮህ ትሰማኛለች፤ ስትሰማኝ «እንደዚያ ነው!» ትለኛለች። እንዲህ እንዲህ እያልን 18 ዓመት።

አስገራሚው ነገር አማርኛ የተሻለ ቃል አለው። ቀጭንና ወፍራም እንላለን። ክራር የያዘ ሰው ይህ ቃል ከየት እንደመጣ ወዲያው ይገባዋል፤ ወፍራሙ ጅማት ወፍራም ድምፅ ይሰጣል። ቀጭኑን ጅማት አላልተው ወፍራሙ የሚሰጠውን ድምፅ ላምጣ ቢሉ ይልፈሰፈሳል፤ ወፍራሙን አክርረው ቀጭኑን ላስመስለው ቢሉ ይበጠሳል። የአብዛኛዋ አዋቂ ሴት የድምፅ አውታር ርዝመት ከ12 እስከ 17 ሚሊ ሜትር፣ የወንድ ደግሞ ከ17 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። ከዚህች ቁራጭ ሥጋ ላይ ነው «ከፍ አድርጊ» የሚባለው።

ደግሞ መድኃኒቱ አይጠየቅም! ዝንጅብል፣ ማር፣ ጥሬ እንቁላል በባዶ ሆድ። የጤና ትምህርት የተማርኩ፣ ሌላውን ሰው ከመደርደሪያ ጀርባ ሆኜ የምመክር ሴት፣ በበዓል ዋዜማ ጥሬ እንቁላል ሰብሬ ዓይኔን ጨፍኜ እውጥ ነበር። የምንውጠው ነገር የድምፅ አውታርን እንደማይነካ አውቃለሁ፤ መንገዱ ሌላ ነው፣ ቢነካውማ ትን ይለናል። ዝንጅብል ጉሮሮን ያሞቃል፣ ያጽናናል። ጅማቱን ግን አያቀጥነውም።

ይህ ሁሉ ተጠራቅሞ የፈነዳው ከአባባ ስልክ ሁለት ወር በኋላ፣ በጥምቀት ማግስት ነው። ከዋዜማው ጀምረን በፀሐይ በአቧራ እየዘመርን ሰንብተናል። ታቦቱ ሲመለስ የድምፅ ማጉያውን ይዤ አንዷን ስንኝ እንድመራ ተሰጠኝ። ስንኟ አናት ላይ የምታርፍ ነበረች። ወጣሁ፤ ልይዛት ስል ድምፄ ለሁለት ተሰነጠቀ። ግማሹ ወደ ታች ወድቆ የጎረምሳ ጩኸት ሆነ፣ ግማሹ ትንፋሽ ሆኖ ቀረ፤ ሁለቱንም ማጉያው ለመንገዱ ሁሉ አደረሰው። ከጎኔ የነበሩ አንዲት እናት ሳይውሉ ሳያድሩ እልልታቸውን አቀለጡት። ሌሎቹም ተቀበሏቸው። እስከ ዛሬ ያ እልልታ ለታቦቱ ይሁን ለእኔ አልጠየቅኳቸውም፤ ብቻ ሸፍነውኛል።

በማግስቱ ድምፅ የሚባል ነገር የለኝም። የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ በአፍንጫዬ ቀጭን ካሜራ አስገብቶ በስክሪኑ አሳየኝ። ሁለት ነጫጭ ጥብጣቦች፣ ጠርዛቸው ያበጠና የቀላ። «አስተማሪ ነሽ ወይስ ነጋዴ?» አለኝ። እዘምራለሁ አልኩት በወረቀት። ሦስት ሳምንት ዝማሬ የለም፣ ጩኸት የለም፣ ሹክሹክታም የለም አለኝ፤ ሹክሹክታ ድምፅ ማሳረፊያ አይደለም፣ አውታሩን ያስጨንቀዋል። ሰው ጉሮሮውን ሲያመው መጀመሪያ የሚያደርገው ማንሾካሾክ ስለሆነ ይህችን ለደንበኞቼ ሁሉ እነግራለሁ።

በባጃጅ ነው የመጣሁት

ሦስቱ ሳምንት አልቆ ዓቢይ ጾም ገባ፤ እኔ ግን ወደ መዝሙር ክፍል ለመመለስ እግሬ አልታዘዝ አለኝ። አንዲት ጓደኛዬ በገና መማር ጀምራ ነበርና «መዘመሩ ቢቀርብሽ መስማት አልተከለከልሽም» ብላ ይዛኝ ሄደች። ቦታው ወደ አቶቴ በኩል፣ አንድ ግቢ ውስጥ ያለች የኪራይ ክፍል ናት። ምንጣፍ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙ አራት በገናዎች። መምህሩ በዕድሜ የገፉ፣ ቃላቸውን የሚቆጥቡ ሰው ናቸው።

ተማሪዎቹን ካስጀመሩ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺስ ልጄ?»

«እኔ ለመስማት ነው የመጣሁት መምህር።»

ቀና ብለው አዩኝ። የማውቀውን ጥያቄ እየጠበቅኩ ነበር፤ «ጉንፋን ነው?» የሚለውን። እሳቸው ግን «ከቤትሽ እስከዚህ በምን መጣሽ?» አሉኝ።

«በባጃጅ።»

«እንዴት እንደመጣሽ ንገሪኝ።»

ስለ ባጃጅ ምን ይወራል? ግራ ገብቶኝ አወራሁ። ሾፌሩ ሰው እስኪሞላ ፀሐይ ላይ እንዳቆየን፣ አንዲት ሴት በፌስታል የያዘችውን ጎመን እግሬ ሥር እንዳስቀመጠችው፣ አንድ ብስክሌት የሚነዳ ልጅ የባጃጁን ጎን ይዞ ሳይደክም እስከ አደባባዩ እንደተጎተተ። ሾፌሩ ሲሰድበው ልጁ እንዴት እንደሳቀ እየነገርኳቸው ሳለ ነው የሚያደርጉትን ያስተዋልኩት። ወሬዬን እየሰሙ አይደለም። በገናውን ታቅፈው አንዷን አውታር ይነካሉ፣ ቀንበሩ ላይ ያለውን መቃኛ ትንሽ ያዞራሉ፣ እንደገና ይነካሉ። «ቀጥይ» ይሉኛል ሳያዩኝ። አውታሩ በላላ ቁጥር ድምፁ ወደ ታች ይሰምጣል፤ መንገድ እንደደከመው ሰው፣ መጀመሪያ ይደገፋል፣ ቀጥሎ ይቀመጣል።

የማወራው ነገር አለቀ። እሳቸውም መቃኛውን ለቀቁት።

«እጅሽን ገበቴው ላይ አድርጊ» አሉኝ። ቆዳ የተወጠረበት ሣጥን ላይ መዳፌን አሳረፍኩ። «አሁን ቅድም ያልሽውን በይ።»

«በባጃጅ ነው የመጣሁት።»

ቆዳው መዳፌ ሥር ተንቀጠቀጠ። ማንም አውታሩን አልነካውም። ሳይንሱን ስለማውቀው ተአምር ነው አልልም፤ የተወጠረ ነገር ሁሉ የራሱን ድምፅ ሲሰማ አብሮ ይርገበገባል። ቢሆንም ደነገጥኩ። እድሜ ልኬን የሚያፍሩበት ድምፅ ነው ብዬ የያዝኩት፣ «በባጃጅ ነው የመጣሁት» የምልበት ድምፅ፣ አንድን በገና አናገረ።

«በገና የሚቃኘው ለዘማሪው ነው» አሉ መምህሩ። «አንቺ ወደ እሱ አትሄጂም። እሱ ወደ አንቺ ይመጣል።»

ከዚህ በኋላ አሥሩንም አውታሮች አንድ በአንድ ከዚያችው ድምፅ ጋር አስማሙ። አሥሩም አይመቱም፤ ጥቂቶቹ የጣት ማረፊያ ናቸው። በአውታሩና አውታሩን ደግፎ በሚይዘው በርኩማ መካከል እንዚራ የሚባሉ ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች ይሰካሉ፤ ያ በገናን በገና የሚያሰኘው፣ ንብ ቀፎ ውስጥ የሚያጉረመርም የሚመስለው ድምፅ የሚመጣው ከእነሱ ነው። ንጹሕ ድምፅ እንዳይሆን ሆን ተብሎ የተሠራ መሣሪያ ነው እንግዲህ። እኔ ደግሞ የድምፄን ጉርምርምታ ለማጥፋት ጥሬ እንቁላል የዋጥኩ ሰው ነኝ።

አንድ አጭር መዝሙር አብሬያቸው እንድል ጋበዙኝ። ልጅ ሳለሁ ጀምሮ የማውቀው ነው። አንገቴ ሰገግ ሊል ፈለገ፤ የሚደርስበት ከፍታ ስላጣ ተመለሰ። ከጀመርኩ በኋላ አንድ የማላውቀው ነገር ገጠመኝ፤ ቃላቱ ተሰሙኝ። ምን እያልኩ እንደሆነ ገባኝ። ለካ ወደ ላይ ስወጣ የምቆጥረው የቀረኝን ዳገት ነው፣ ስንኙን አይደለም። «ከአንገት በላይ» የምንለው ለማስመሰል ወዳጅነት ነው፤ የእኔ ዝማሬ ግን ቃል በቃል ከአንገት በላይ ነበር።

አለቀስኩ ብል ጥሩ ታሪክ ይወጣዋል። እውነቱ ግን ተጠራጠርኩ። ይህን ያህል ከቀለለ ልክ ሊሆን አይችልም ብዬ ነው ያሰብኩት። ላብ የሌለበት፣ ጅማት የማይገተርበት፣ ማግስቱን ጉሮሮ የማያመው ዝማሬ እንደ ማጭበርበር ታየኝ። ይህ ሐሳብ ከየት እንደመጣብኝ ዛሬም አስባለሁ። ሥራ ማለት መድከም ነው ብለን ስላደግን ይሆን? ሰው የሚመቸውን ሲያደርግ ሰነፍ መስሎ የሚታየን ለምንድን ነው? አያቴ ስለ ገንዘብ ስትናገር «እንደ ቤትሽ እንጂ እንደ ጎረቤትሽ አትኑሪ» ትለኝ ነበር። በገንዘብ ነገር ምክሯን ሰምቻለሁ፤ ተበድሬ አላውቅም። ድምፅ ግን ለ18 ዓመት ስበደር ኖርኩ።

ታቦር ላይ ምጣድ ይዤ አልወጣም

የመድኃኒት ቤት ሰው ነኝና ሳልለካ አላርፍም። የድምፅን ርግብግቢት የሚቆጥር ፕሮግራም ስልኬ ላይ ጫንኩና አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በር ዘግቼ ራሴን መረመርኩ። ስናገር በሴኮንድ 160 ጊዜ አካባቢ ነኝ። በተለምዶ የሚጠቀሰው የወንዶች የንግግር ድምፅ ከ85 እስከ 155፣ የሴቶች ከ165 እስከ 255 ነው። እዩልኝ እንግዲህ፤ አሥር ቁጥር በምታህል ቀዳዳ ውስጥ በትክክል መሐሏ ላይ ተቀምጫለሁ። አባባ አልተሳሳቱም።

ስዘምር የምወርደው እስከ 147 ነው፤ ከዚያ በታች ትንፋሽ ብቻ ይቀራል። ወደ ላይ እስከ 392 ድረስ ያለ ጭንቅ እሄዳለሁ። 440 አካባቢ መሻገሪያ አለ፤ የደረት ድምፅ የሚባለው አልቆ ሌላው፣ ቀጭኑ የሚጀምርበት። በጥምቀት ማግስት የተሰነጠቅኩት እዚያ ላይ ነው፤ ደረቴን ይዤ ልሻገር ስሞክር። ዓይኔን ጨፍኜ ገፋ ሳደርገው 587 ነካሁ። ከ147 እስከ 587 ሁለት ሙሉ ኦክታቭ ነው። አያሳፍርም፣ እንዲያውም ተኩራርቼበት ነበር። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፌ ሳየው ግን የምደርስበትና የምኖርበት የተለያዩ መሆናቸው ገባኝ። ታቦር ተራራ ላይ መውጣት እችላለሁ፤ ሐይቁን ከነከተማው ቁልቁል ማየት ደስ ይላል። ምጣድና ጀሪካን ይዤ ግን አልወጣም። የመዝሙር ክፍላችን ዜማዎች ግማሹን ጊዜ የሚያሳልፉት እኔ ለመጎብኘት ብቻ በምወጣበት ቦታ ነው።

ይህን ለአክስቴ ልጅ ነገርኩት። ማታ ማታ ሐይቁ ዳር ባሉ ሆቴሎች ኪቦርድ ይጫወታል፤ ሠርግም ይሠራል። የሳይንስ ግኝት እንዳበሰርኩ ሁሉ እያጋነንኩ ስነግረው ቡናውን እየጠጣ ሰማኝና «ይህን አሁን ነው ያወቅሽው?» አለኝ። ኪቦርዱ ላይ ትራንስፖዝ የምትባል ቁልፍ አለች። አንድ ጊዜ ስትጫን ሙዚቃው በግማሽ ድምፅ ይወርዳል፤ አሥራ ሁለት ጊዜ ስትጫን አንድ ኦክታቭ። ዘፋኙ ገና መድረክ ላይ ሳይወጣ «ሁለት አውርድልኝ» ይላል። ሌሊቱ ሲገፋ፣ ጉሮሮ ሲደክም፣ «አራት» ይላል። ማንም አያፍርም፤ ታዳሚውም አያውቅም።

«ትዝታ እኮ ትዝታ የሚሆነው በድምፆቹ መካከል ባለው ርቀት ነው» አለኝ። «ከየትም ተነሺ፣ ርቀቱን ከጠበቅሽ ትዝታ ነው። ባቲም እንደዚያው። ክራር የሚይዝ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ምንድን ነው? ድምፁን ሞክሮ ክራሩን ለራሱ መቃኘት ነው።»

ይህን ስሰማ ተናደድኩ። ይህን ሁሉ ዓመት ማንም አልነገረኝም ብዬ ነው መናደዴ። ቆይቼ ሳስበው ደግሞ ማን ይንገረኝ? እኔስ ለማን ተናግሬ አውቃለሁ? «አልደረስኩም» ማለት አለመቻል ነው ብዬ ስለያዝኩት ደረስኩ እያልኩ ነው የኖርኩት። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ የእኔ ይባስ ብሎ ያንቅ ነበር።

ይህን ሁሉ ስል የሠለጠነ ድምፅ አይሰፋም ማለቴ አይደለም። ይሰፋል። መሻገሪያውን ሳይሰነጠቁ ማለፍ የሚቻለው በልምምድ ነው፤ እኔም አሁን ከንፈሬን እያርገበገብኩ፣ ቀስ ብዬ፣ በትንሽ ድምፅ እለማመዳለሁ። ከጀመርኩ ወዲህ አናት ላይ ሁለት ሦስት ድምፆች ያለ ጭንቅ ተጨምረውልኛል። ዳሩ መኖሪያዬ አልተቀየረም። አንዳንድ ቀን «ተፈጥሮዬ ነው» የሚለው ቃል ለስንፍናዬ መጋረጃ እየሆነ ይሆን ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ፤ የት ድረስ ጉሮሮዬ፣ ከየት ጀምሮ ፍርሃቴ እንደሆነ ሁልጊዜ አይታወቀኝም። ጉሮሮ ሲሆን በማግስቱ ያማል። ፍርሃት ሲሆን አያምም። እስካሁን ያገኘሁት መለያ ይህ ብቻ ነው።

የትንሿ ልጅ ፊት

ከፋሲካ በኋላ ወደ መዝሙር ክፍል ተመለስኩ። ኃላፊያችንን ለብቻዋ አግኝቼ ነገርኳት፤ ቁጥሮቹንም፣ ስለ ሐኪሙም። በትዕግሥት ሰማችኝ። መጨረሻ ላይ «ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በዚያው ሳምንት ከመዝሙሮቹ አንዱን ከተለመደው መነሻ አራት ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርገን ሞከርነው። ደስታዬን አልነግራችሁም። ከኋላ ረድፍ ሁለት ሴቶች ዞር ብለው አዩኝ፤ የእነሱም ትከሻ ወርዷል። ለካ ደረጃው ላይ የቆምኩት ብቻዬን አልነበርኩም።

ሁለተኛው ስንኝ ላይ ግን የትንሿን ልጅ ፊት አየሁ። የ14 ዓመት ልጅ ናት፤ ድምፅዋ እንደ ዋሽንት ነው፤ ሁላችንም የምንወድላት። አገጯን ወደ ደረቷ ሰብራ፣ ዓይኗን አፍጥጣ የዜማውን ታች ፍለጋ ትወርዳለች። አፏ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ያንን ፊት አውቀዋለሁ። የእኔ ፊት ነው፣ ተገልብጦ።

መሪው ሲጨርስ «አሁን ነው የተስማማው!» አለ፤ ለእሱም ተመችቶታል። እጄን አወጣሁ። እንዴት እንደማስረዳው ስላላወቅኩ «እሷ አልተመቻትም» አልኩ ወደ ልጅቷ እያየሁ። ልጅቷ ደንግጣ «ኧረ ተመችቶኛል!» አለች፤ በቀጭኑ፣ ፈጥና፣ ልክ እኔ ለ18 ዓመት እንዳልኩት። ረጅም ክርክር ሆነ። አንዳንዱ ወደ ቀድሞው ይመለስ አለ፤ አንዳንዱ መሐል ይሁን አለ፤ አንድ ወጣት ሴቶቹ ለሁለት ይከፈሉ ብሎ ሲያነሳ ይህ የእኛ ሥርዓት አይደለም ተባለ። እስካሁን አልተፈታም። ለጊዜው ያደረግነው ተራ በተራ ነው፤ ዝቅ ያለውን እኔ እመራለሁ እሷ ትቀበላለች፣ ከፍ ያለውን እሷ ትመራለች እኔ እቀበላለሁ። ስቀበል አናቱን አልነካውም፤ እዚያ ስደርስ ዝም እልና እሷን እሰማለሁ። ከሁሉ የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ዳገቱን እኔ ሳልወጣው እንዴት ያምራል።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ።

«ወንድሜ፣ እንደምን ዋልክ። እስቲ ያቺን ልጅ…»

«እኔ ነኝ አባባ» አልኩ፤ አንገቴ ባለበት፣ አገጬ ባለበት።

ዝም አሉ። ከኋላቸው ዶሮ ይጮኻል፤ ሰው ውኃ ይቀዳል።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔው ነኝ። መድኃኒትዎ ደርሷል፤ ማታ ማታ መዋጥዎን ግን እንዳይረሱት።»

«ውይ የእኔ ልጅ፣ ጉንፋን እንዴት አድርጎሻል!» አሉ ከልባቸው አዝነው። «ዝንጅብል በማር አድርገሽ፣ ትኩሱን፣ ከመተኛትሽ በፊት። እንዳትረሺ።»

«አልረሳም አባባ» አልኳቸው።